ኢየሩሳሌም፦ ዕዳው የተከፈለበት ሰላም

(በአንድ የወጣቶች ጉባኤ ላይ ከተሰጠ ንግግር ተጽፎ የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ በተለይ ከሥራ ወጥታችሁ በቀጥታ ወደዚህ ለመጣችሁት።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ስም ነው። ኢየሩሳሌም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ስም የያዙ እህቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቤት ውስጥ ኢየሩስ ወይም ጄሪ የሚባሉ። በመዝሙር እንጠራዋለን፣ በቅዳሴ እንሰማዋለን፣ የምንወደው ሰው ሲያርፍም ሰማያዊት ኢየሩሳሌምን ያውርስልን እንላለን። ምን ማለት ነው ተብለን ስንጠየቅ ደግሞ ሁላችንም ፈጣን መልስ አለን፤ «የሰላም ከተማ»። መልሱ ልክ ነው። ግን ቶሎ እናልፈዋለን። ሰላም ሲባል የሚታየን ጸጥታ ነው፣ ተኩስ የማይሰማበት፣ ጭቅጭቅ የሌለበት ቦታ። የዕብራይስጡ ስም ከዚህ ይከብዳል። እኔ ዛሬ የምለው ዋና ነገር አንድ ነው፦ በዚህች ከተማ ስም ውስጥ ያለው ሰላም የጎደለው ሲሞላ፣ ዕዳው ሲከፈል የሚመጣ ሰላም ነው። ዕዳው ሳይከፈል ጸጥታ ሊኖር ይችላል። ዕብራይስጡ ሻሎም የሚለው ሰላም ግን አይኖርም።

መጀመሪያ ስሙ የት እንደተጻፈ እንይ፤ ምክንያቱም ታሪኩ ራሱ ያስደነግጣል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ግብፃውያን የጠላቶቻቸውን ስም በሸክላ ላይ ይጽፉ ነበር። አንዳንዴ በሳህን ላይ፣ አንዳንዴ በትናንሽ የሰው ምስሎች ላይ። ጽፈው ሲጨርሱ ይሰብሩታል። ሸክላው እንደተሰባበረ ስሙ የተጻፈው ሰውና ከተማም ይሰባበር ማለት ነው። እርግማን ነበር። ከእነዚያ ስብርባሪዎች መካከል «ሩሻሊሙም» የሚል የከነዓን ከተማ ስም ተገኝቷል፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ኢየሩሳሌም ናት ይላሉ። እንግዲህ እስካሁን ከተገኙት ሁሉ ጥንታዊው የዚህ ስም ጽሕፈት ያለው ሆን ተብሎ በተሰበረ ዕቃ ላይ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቆየት ብለን እንደምናየው የስሙ ሁለተኛ ክፍል ያልተሰበረ፣ ሙሉ የሆነ ማለት ነውና።

ከዚያ በ14ኛው መቶ ዓመት የከተማዋ ገዥ አብዲ ሔባ ለግብፁ ፈርዖን ደብዳቤ ይጽፋል። እነዚህ የሸክላ ደብዳቤዎች በ1887 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ ቴል ኤል አማርና በተባለ ቦታ ተገኙ። ከተማዋ በእነሱ ውስጥ «ኡሩሳሊም» ትባላለች። ሰውየው የሚለምነው ቀስተኛ ወታደር ነው። ምድሪቱ ከእጅህ እየወጣች ነው፣ ድረስልኝ ይላል።

መጽሐፍ ቅዱስስ? በአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ውስጥ «ኢየሩሳሌም» የሚለው ስም አንድም ቦታ የለም። ዘፍጥረት 14 ላይ «ሳሌም» አለ፤ መልከ ጼዴቅ የነገሠባት። ዘዳግም ደግሞ «እግዚአብሔር የሚመርጠው ስፍራ» እያለ ደጋግሞ ይናገራል እንጂ ስሙን አይጠራም። ሙሉው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣው መጽሐፈ ኢያሱ 10፥1 ላይ ነው። እባካችሁ ቤት ገብታችሁ አንብቡት። የኢየሩሳሌም ንጉሥ አዶኒጼዴቅ ይባላል፤ «ጌታዬ ጽድቅ ነው» እንደማለት ነው። ይህ ጽድቅ በስሙ ያለበት ሰው የሰላም ከተማ ንጉሥ ሆኖ ምን አደረገ? የገባዖን ሰዎች ከእስራኤል ጋር ሰላም ማድረጋቸውን ሰማ፣ አራት ነገሥታት ጠራ፣ «ኑና ገባዖንን እንምታ፤ ሰላም አድርጋለችና» አለ። ዕብራይስጡ ላይ «ሰላም አደረገች» የሚለው ግስ «ሂሽሊማ» ነው፤ ኢየሩሳሌም የሚለው ስም ውስጥ ካሉት ከሦስቱ ፊደላት፣ ከሽ፣ ል፣ ም የወጣ። ስለዚህ ከተማዋ በስሟ ተጠርታ ወደ መጽሐፉ ስትገባ፣ ሰላም ያደረገን ሕዝብ ሰላም በማድረጉ ልትቀጣ ጦር አስከትታ ነው።

እኔ ይህን የጸሐፊ አጋጣሚ አድርጌ ማየት አልችልም። ስሙ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከተማዋን ይከስሳታል።

አሁን ወደ ትርጉሙ እንግባ። የቋንቋ ሊቃውንት ብዙዎቹ እንዲህ ይላሉ፦ የመጀመሪያው ክፍል «ዬሩ» መሠረት ማለት ነው፣ «ሻሌም» ደግሞ ከነዓናውያን ያመልኩት የነበረ የምሽት ጨለምለምታ ጣዖት ስም ነው፤ ኡጋሪት በተባለች ጥንታዊት የሶርያ ከተማ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል። የሻሌም መሠረት። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል፤ ቅድስት ከተማ እንዴት በጣዖት ስም ትጠራለች ይላል። እኔ አልከፋኝም። ነቢዩ ሕዝቅኤል 16ኛው ምዕራፍ ላይ ለከተማዋ ፊት ለፊት ይነግራታል፤ ትውልድሽ ከከነዓን ምድር ነው፣ አባትሽ አሞራዊ ነበረ፣ እናትሽም ኬጢያዊት። መጽሐፉ ራሱ ያልደበቀውን እኛ ለምን እንደብቃለን? የተጣለች ሕፃን ሆና ደሟ ውስጥ ስትንፈራገጥ ያነሣት እግዚአብሔር ነው፤ ምዕራፉ የሚለው ይህንኑ ነው። ስምም እንደ ሰው ሊቤዥ ይችላል።

የአይሁድ መምህራን ግን ስሙን ሌላ መንገድ ይዘው ያነቡታል፤ ለእኔ ደግሞ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። «በሬሺት ራባ» በተባለው የዘፍጥረት ትርጓሜያቸው ውስጥ ያለ ታሪክ ነው። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ በወጣበት ተራራ ላይ፣ በጉ በይስሐቅ ፈንታ ከተሠዋ በኋላ፣ ቦታውን «ያህዌ ይርኤ» ብሎ ጠራው። እግዚአብሔር ያያል ማለት ነው። በእነሱ ትውፊት መልከ ጼዴቅ የኖኅ ልጅ ሴም ነው፤ እሱ ደግሞ ያንኑ ቦታ «ሻሌም» ብሎ ጠርቶታል። እንግዲህ ሁለት ጻድቃን ለአንድ ቦታ ሁለት ስም አወጡ። እግዚአብሔርም አለ፦ ይርኤ ብዬ ብጠራው ሴም ያዝናል፣ ሻሌም ብዬ ብጠራው አብርሃም ያዝናል፤ ስለዚህ ሁለቱም እንዳሉት እጠራዋለሁ። ይርኤ ሻሌም። ዬሩሻሌም።

ስሙ ራሱ እርቅ ሆነ ማለት ነው። አንዱ አሸንፎ የሌላውን ስም አልፋቀም። በተለይ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደታረቀ አስቡ። በዘፍጥረት ላይ መልከ ጼዴቅ የሚታየን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ከአብርሃም ወገን ያልሆነ ንጉሥና ካህን ሆኖ ነው፣ ከጦርነት ለተመለሰ ሰው እንጀራና ወይን ይዞ የወጣ። አብርሃም ደግሞ የቃል ኪዳኑ አባት ነው። ቃል ኪዳን የያዘው ሰው የእንግዳውን ቃል በከተማው ስም ውስጥ አስገብቶ መኖር አለበት፤ ያለ እሱ ስሙ ግማሽ ነው። ዛሬ ስለዚያች ከተማ የሚጣሉ ሁሉ፣ አይሁድም ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ ይህን አንዲት ታሪክ ቁጭ ብለው ቢሰሟት ብዬ እመኛለሁ። ከልቤ ነው የምለው።

ለእኛ ደግሞ ሁለቱም ግማሾች ባዕድ አይደሉም። በግዕዝ ርእየ ማለት አየ ነው፤ ራእይ የምንለው ከዚያ ነው። ሰላም ደግሞ ያው ሰላም። በእስክንድርያ የነበረው አይሁዳዊ ፈላስፋ ፊሎ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የከተማዋን ስም «ራእየ ሰላም» ብሎ ተርጉሞታል፤ ከእሱ በኋላ የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ተከተሉት። ማየት ይቀድማል፣ ሰላም ይከተላል። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

አሁን ሻሌም የሚለውን ቃል እንፈታው። እዚህ ላይ ትንሽ ረጋ እላለሁ።

ዕብራይስጥ ውስጥ ሻሌም ሙሉ ማለት ነው። ያልተሰነጠቀ፣ ያልጎደለ። ዘዳግም 27 ላይ መሠዊያው ብረት ካልነካው ድንጋይ ይሠራ ሲል፣ ድንጋዮቹን «ሸሌሞት» ይላቸዋል። 1ኛ ነገሥት 6፥7 ላይ የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ሲሠራ ድንጋዩ ከካባው ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ የመዶሻም የመጥረቢያም ድምፅ በቤቱ አልተሰማም ይላል፤ እዚያም ላይ ድንጋዩ «ሸሌማ» ነው። ሰሎሞን የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር ነው። አባቱ ዳዊት ቤቱን ሊሠራ ፈልጎ የተከለከለው ብዙ ደም በማፍሰሱ ነው፤ 1ኛ ዜና መዋዕል 22 በግልጽ ይለዋል። ከዳዊት ልጆች ሌላም አንድ ሰላም በስሙ ያለበት ነበረ፤ አቤሴሎም። አባቱን ከኢየሩሳሌም ያባረረ። ሰላም የሚል ስም ይዞ መወለድ ለማንም ዋስትና አልሆነም።

ቃሉ ከመቅደስ ወጥቶ ገበያም ይገባል። ዘዳግም 25፥15 የነጋዴውን ሚዛን ይናገራል። ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ በከረጢትህ አይኑር፤ አንዱ ለመግዣ ትልቅ፣ አንዱ ለመሸጫ ትንሽ። ታዲያ ምን ዓይነት ድንጋይ ይኑርህ? «ኤቬን ሸሌማ ቫጼዴቅ»። ሙሉና እውነተኛ የሆነ ድንጋይ። ሁለቱን ቃላት ሰማችኋቸው? ሻሌም እና ጼዴቅ። የሳሌም ንጉሥ መልከ ጼዴቅ! በዚያ በምስጢራዊው ካህን ማዕረግ ውስጥ ያሉት ሁለት ቃላት በሽንኩርት ሻጭ እጅ ባለች ድንጋይ ላይም አሉ። እኔ ይህን ያገኘሁ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። የቅድስቲቱ ከተማ ምስጢር በኪሎ ሚዛን ላይ ይፈተናል ማለት ነው፤ ኪሎ የሚቀንስ ሰው በመዝሙር ኢየሩሳሌምን ቢጠራ ስሙን እየሰበረ ነው የሚጠራው። ነቢዩ ሚክያስ 6ኛው ምዕራፍ ላይ ከተማዋን የሚከስሳት በምንድን ነው? በሐሰት ሚዛንና በተንኮል መመዘኛ ከረጢት።

ሦስተኛው ትርጉም ደግሞ መክፈል ነው። እስራኤል አገር የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሱፐርማርኬት ካሸሩ ጋ ስትቆሙ የምትሰሙት «ለሻሌም» የሚለው ቃል መክፈል ነው። ዘመናዊ ፈጠራ አይደለም፣ የሙሴ ሕግ ቃል ነው። ዘጸአት 22 ላይ በግ የሰረቀ አራት፣ በሬ የሰረቀ አምስት ይክፈል ሲል ያው ግስ ነው። በዚህ ቋንቋ ውስጥ ሰላም የሚመጣው ተበዳዩ የጎደለበት ሲሞላለት ነው። የእኛ ሽማግሌዎችም ያውቁታል፤ እርቅ ደም ያደርቅ ይባላል፣ ግን ካሳ ሳይቆረጥ «በቃ ተሳሳሙ» ብቻ ተብሎ የተበተነ እርቅ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ሁላችሁም አይታችኋል። ኤርምያስ ስለ ኢየሩሳሌም ነቢያትና ካህናት የጮኸውም ይህንኑ ነው። የሕዝቤን ስብራት በጥቂቱ ይፈውሳሉ፣ ሰላም ሳይሆን ሰላም ሰላም ይላሉ።

ቤተ መቅደሱ የቆመበትን መሬት ታሪክ አስታውሱ። ዳዊት ሕዝቡን ቈጠረ፣ መቅሠፍት መጣ፣ መልአኩ በኢያቡሳዊው በኦርና አውድማ ላይ ቆመ። ኢያቡሳውያን ማለት ዳዊት ከተማቸውን በጦር የወሰደባቸው ሰዎች ናቸው። ኦርና እንግዲህ የተሸነፈ ሕዝብ ሰው ነው። ንጉሡ ሲመጣበት በግንባሩ ተደፍቶ ሰገደና በሬውንም እንጨቱንም መሬቱንም በነፃ ውሰድ አለው። ከዚህ በላይ ምን ይላል? የተሸነፈ ሰው ለንጉሥ እንዲህ ነው የሚናገረው። ዳዊት ግን እንቢ አለ። በዜና መዋዕል እንደተጻፈው፣ በሙሉ ዋጋ እገዛዋለሁ፣ የአንተ የሆነውን ለእግዚአብሔር አልወስድም አለ። ሳሙኤል ካልዕ 50 ሰቅል ብር ይላል፣ ዜና መዋዕል 600 ሰቅል ወርቅ ይላል፤ ሁለቱንም አስማምቶ የሚተረጉም ብዙ ነው፣ አሁን አልገባበትም። ዋናው ነገር ከተማዋ በጦር ብትያዝም መቅደሱ የቆመበት ቦታ በገንዘብ መገዛቱ ነው፣ ለዚያውም ከተሸነፈው ሰው እጅ፣ ሳይጎድል። ዳዊት በዚያ ቀን ከተማዋን እንደ ስሟ አደረጋት ብዬ አምናለሁ። በጎልያድ ላይ ካደረገው ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

አንድ ልጨምር። ሉቃስ 19። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም እየወጣ ነው። ኢያሪኮ ላይ የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስን ያገኛል። ዘኬዎስ ቆሞ ምን አለ? የገንዘቤን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ፣ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደሆነ አራት እጥፍ እመልሳለሁ። አራት እጥፍ፤ የበጉ ሕግ። ሰውየው ሻሌምን ፈጸመ። «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» ተባለ። ከዚያ በዚያው ምዕራፍ ጌታ ጥቂት ወጥቶ ከተማይቱን ሲያያት አለቀሰ። ለሰላምሽ የሚሆነውን አንቺስ እንኳ ብታውቂ ኖሮ፣ አሁን ግን ከዓይንሽ ተሰውሮአል አላት። ማየት እና ሰላም፣ ሁለቱም የስሟ ግማሾች፤ ሁለቱንም አጥታለች። ዘኬዎስን ያየው ሕዝብ አጉረመረመ እንጂ ሰውየው ለሰላም የሚሆነውን እንዳሳያቸው አላስተዋለም። ብዙ ጊዜ ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ነው የምንሰብካቸው፤ አንድ ላይ ቢነበቡ ጥሩ ነበር።

ስለ ስሙ መጨረሻ በአጭሩ። ዛሬ ዕብራውያን «ዬሩሻላይም» ነው የሚሉት። «አይም» የሚለው መጨረሻ ጥንድ ለሆነ ነገር ይውላል፤ ሁለት እጅ ያዳይም፣ ሁለት ዓይን ዔናይም። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን ስሙ ከ600 ጊዜ በላይ ተጽፎ በዚህ በተሟላ አጻጻፍ የሚገኘው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሌላው ሁሉ አንዷ ፊደል ዮድ የለችም። ከአምስቱ አንዱ ኤርምያስ 26፥18 ነው፤ ጽዮን እንደ እርሻ ትታረሳለች፣ ኢየሩሳሌምም የድንጋይ ክምር ትሆናለች የሚለው። ፊደሏ የገባችበትን ምክንያት ከመጠን በላይ አላጋንንም፤ የጸሐፍት ልማድ ነው። አይሁድ በሮም ላይ ባመፁ ጊዜ፣ ከ66 እስከ 70 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ያሳተሟቸው የብር ሳንቲሞች ላይ በመጀመሪያው ዓመት «ዬሩሻሌም» ቅድስት ተብሎ ዮድ ሳይኖረው ተጽፏል፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ከነዮዱ «ዬሩሻላይም» ቅድስት። መምህራኑ ግን ከዚህ ጥንድ መጨረሻ ሁለት ከተማ አወጡ፤ የላይኛዋና የታችኛዋ። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ላይኛይቱ ኢየሩሳሌም ነፃ ናት፣ እርስዋም እናታችን ናት ብሏል።

አሁን ወደ መዝሙረ ዳዊት 121 ልውሰዳችሁ፤ በዕብራይስጡ ቁጥር 122። ስለ ኢየሩሳሌም ሰላም ለምኑ እያልን የምናነበው ነው። ዕብራይስጡ «ሻአሉ ሸሎም ዬሩሻላይም» ይላል፤ ድምፁ ራሱ ስሙን እየደጋገመ ይዘምራል። «ሻአል» ለመነ ብቻ ሳይሆን ጠየቀም ነው። ስለ ሰው ሻሎም መጠየቅ ደግሞ በዕብራይስጥ ደኅንነቱን መጠየቅ ነው። ዮሴፍ ግብፅ ላይ ወንድሞቹን ሲያገኝ ደኅንነታቸውን ጠየቀ፣ ሽማግሌው አባታችሁ ደኅና ነውን አለ፤ እዚያም ቃሉ ይኸው ነው። ስለዚህ መዝሙሩ «ኢየሩሳሌም ደኅና ናት? ብላችሁ ጠይቁ» ይላል።

ይህን ቃል በቃል ያደረጉ ሰዎች አሉ፣ የኛው አገር ሰዎች። ቤተ እስራኤል በጎንደርና በትግራይ መንደሮቻቸው ሳሉ፣ ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ልጆቻቸው ቀና ብለው አገራችን ኢየሩሳሌም እንዴት ናት፣ ደኅና ናት ወይ እያሉ ወፏን ይጠይቋት ነበር። ዕብራይስጥ አያውቁም። መጽሐፋቸው ግዕዝ ነው። መዝሙሩ የሚለውን ግን ከማንም በላይ በትክክል ፈጸሙት። ሲግድ በሚባለው በዓላቸው ቀን ጾመው ተራራ ወጥተው ፊታቸውን ወደዚያች ከተማ አድርገው ይጸልዩ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲሄዱ 4,000 ያህል ሰዎች በመንገድና በስደተኛ ካምፕ ውስጥ አለቁ፤ መታሰቢያቸው ዛሬ ኢየሩሳሌም ሔርጽል ተራራ ላይ አለ። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ተጭነው ገቡ። ሲግድም በ2008 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆነ።

ደረሱ። ግን ሻሌም ሆነ? በ1996 እ.ኤ.አ. የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደነበር ሲታወቅ ምን እንደተሰማቸው እዚያ ዘመድ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ከከተማዋ ውስጥ መግባትና ከስሟ ውስጥ መግባት የተለያየ ነገር ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሄደው የገቡት ሰዎች ሲጮኹ፣ ከተማዋን ለስሟ ጠሯት እንጂ አልሰደቧትም።

እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። በዴር ሱልጣን፣ በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ መነኮሳቶቻችን በጠባብ ጎጆዎች እየኖሩ ቦታውን ጠብቀዋል፤ ጽናታቸው ያኮራኛል። ከግብፅ ወንድሞቻችን ጋር ያለው የይዞታ ክርክር ግን ትውልድ አልፎ ትውልድ መጥቶ አላለቀም፤ እርቅን የሰበከው ጌታ ከተቀበረበት ቦታ በላይ። የእኛ እውነት እውነት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን ያንን ጣሪያ ሳስብ ያመኛል። ለነገሩ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው በአማርኛ የምንለውን ታውቃላችሁ፤ ኢየሩሳሌምን ተሳለመ። ከሰላም የወጣ ግስ ነው።

ንግግሬን ላብቃ፣ ግን ከመጀመሬ በፊት አንድ ልጅ በር ላይ የጠየቀኝ አለ፤ እኛ የምንጸልየው ለየትኛዋ ነው፣ ለላይኛዋ ወይስ ለታችኛዋ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ታልሙድ በተባለው የአይሁድ መምህራን መጽሐፍ ውስጥ፣ ታዓኒት በሚባለው ክፍል፣ ቅዱሱ እንዲህ አለ ተብሎ ተጽፏል፦ ወደ ታችኛይቱ ኢየሩሳሌም ሳልገባ ወደ ላይኛይቱ አልገባም። እኔም ያንን መልስ እከተላለሁ። ምድራዊቷን ዘልሎ ሰማያዊቷን የሚወርስ ሰው አይታየኝም።

ምድራዊቷ ደግሞ ለእኛ የት ናት? አንድ ጥቅስ ላንብብና ወደ ጥያቄ እንሂድ። ዘፍጥረት 37፥14። ያዕቆብ ዮሴፍን ወደ ወንድሞቹ ይልከዋል። ወንድሞቹ ጠልተውታል፤ በሰላም ሊያናግሩት አልቻሉም ይላል ከፍ ብሎ። አባቱ ግን ሂድ፣ ወንድሞችህ ደኅና እንደሆኑ እይ አለው። ዕብራይስጡ «ርኤ ኤት ሸሎም አሔይኻ» ነው። ርኤ፣ ሻሎም። የወንድሞችህን ሰላም እይ። ይርኤ ሻሌም የሚለው ስም፣ ከተማዋ በመጽሐፉ ውስጥ ገና ሳትጠራ፣ በአንድ አባት አፍ ትእዛዝ ሆኖ ተነግሯል። የ121ኛው መዝሙር መጨረሻም እዚያው ይገባል፤ ስለ ወንድሞቼና ስለ ባልንጀሮቼ ሰላም በአንቺ ውስጥ ይሁን እላለሁ ይላል። ዮሴፍ የሚጠሉትን ሰዎች ደኅንነት ሊያይ ሄደ፣ በ20 ብርም ሸጡት። ግብፅ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ወደ እሱ ሲመጡም የጠየቃቸው ያንኑ ነበር።

እሺ፣ እጃችሁን አውጡ። ከኋላ ያላችሁት ጀምሩ።